መስመሩ መሃል ማን አለ?

ይህ ለቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ተማሪዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ። መጨረሻ ላይ ከተነሡት ጥያቄዎችም ሁለቱን አስገብቻለሁ።

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ስልክ ታሪክ የሚያወራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዕቃውን በተራ ይደረድርላችኋል። ባለ እጀታው፣ ባለ ክቡ፣ ባለ ቁልፉ፣ ባለ አንቴናው፣ በጣት የሚነካው። ፎቶውን ጎግል ላይ ታገኙታላችሁ። ለእሱ ሲባል ቅዳሜ ማቃጠል አያስፈልግም።

እኔ ስልክን የማየው በአንድ ጥያቄ ነው። ሁለት ሰው ሲደዋወል መሃላቸው ማን አለ? የሚያገናኝ አለ። የሚያዳምጥ አለ። የሚያስከፍል አለ። ሲፈልግ ደግሞ የሚቆርጥ አለ። ስልክ ተሻሻለ ስንል ባብዛኛው ያ መሃል የቆመው ተቀየረ ማለታችን ነው።

አሌክሳንደር ግርሃም ቤል የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በማርች 1876 ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ሌላ ክፍል የነበረውን ረዳቱን ዋትሰንን በሽቦ ጠራው፤ ዋትሰንም ሰምቶ መጣ። ኤሊሻ ግሬይ የተባለ ሌላ ሰው ቤል ባመለከተበት በዚያው ቀን የራሱን ወረቀት አስገብቶ ነበር። ስለዚህ "ማን ቀደመ" የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። እሱን ለጠበቆች እንተወው።

የመጀመሪያዎቹ ስልኮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ነበር የሚከራዩት። አንዱ ቤት፣ አንዱ ሱቅ፣ በመካከላቸው አንድ ሽቦ። መሃል ላይ ማንም የለም። ያ ዘመን ግን አልቆየም። ምክንያቱ ተራ ሂሳብ ነው። 10 ሰዎች ሁሉም ከሁሉም ጋር እንዲያወሩ 45 ሽቦ ያስፈልጋል። 100 ሰዎች ሲሆኑ 4,950። ስለዚህ ሽቦዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ቤት እንዲገቡ ተደረገ። እዚያ የተቀመጠ ሰው የደወለውን ከተፈለገው ጋር ያገናኛል። የመጀመሪያው እንዲህ ያለ የንግድ ማዞሪያ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1878 አሜሪካ ውስጥ ኒው ሄቨን ከተማ ሲከፈት ደንበኞቹ 21 ብቻ ነበሩ።

መጀመሪያ ለሥራው የተቀጠሩት ጎረምሶች ናቸው። ደንበኛ ላይ ይቀልዳሉ፣ ይሳደባሉ፣ እርስ በርስ ይላፋሉ። በዚያው ዓመት ቦስተን ውስጥ ኤማ ነት የምትባል ሴት ተቀጠረች። ከእሷ በኋላ ሥራው ለረጅም ጊዜ የሴቶች ሆነ። እነዚህ ሴቶች ማን ለማን እንደሚደውል ያውቃሉ። ስንት ሰዓት ላይ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያወራም ያውቃሉ። ጆሮ ጣል ማድረግ ከፈለጉም የሚከለክላቸው የለም።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ራስ መኮንን በ1882 ዓ.ም. ከኢጣልያ ሲመለሱ ስልክ ይዘው እንደመጡ፣ ምኒልክም ቤተ መንግሥቱን ከግምጃ ቤቱ ጋር እንዳገናኙበት ይነገራል። ሰው ሳይታይ ድምፅ ሲሰማ ጊዜ ካህናቱ "የሰይጣን ሥራ ነው" ብለው ተቃወሙ የሚለውንም ሁላችሁም ሰምታችኋል። እኔ ካህናቱ ላይ አልስቅም። ያን ቀን እዚያ ብንሆን እኛም ማማተባችን አይቀርም ነበር።

አገር አቀፍ የሆነው ሥራ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የቴሌኮም አገልግሎት በኢትዮጵያ ተጀመረ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1894 ሲሆን ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆን የስልክና የቴሌግራፍ መስመር የተዘረጋው በምኒልክ ትእዛዝ ነው። ለምን ሐረር? ቡናው የሚወጣው፣ ጠመንጃው የሚገባው፣ የፈረንጅ ደብዳቤ የሚያልፈው በዚያ ነዋ። በቅሎ ቀናት የምትፈጅበትን ወሬ በዚያው ቀን መስማት ማለት ሥልጣን ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። አሜሪካ ውስጥ ስልክ የጀመረው የነጋዴና የሐኪም ዕቃ ሆኖ ነው። እኛ ዘንድ የጀመረው የመንግሥት ዕቃ ሆኖ ነው። መሃል የተቀመጠው ስልከኛ የመንግሥት ሰው ነው። የመሥሪያ ቤቱ ስም ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ተቀያየረ። በ1945 ዓ.ም. ቦርድ ሆኖ ተቋቋመ። በደርግ ዘመን አገልግሎት፣ ከዚያም ባለሥልጣን ተባለ። ቀጥሎ ኮርፖሬሽን ሆነ። ከኅዳር 2003 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ሕዝቡ ግን አንድ ስም አውጥቶለት ጨርሷል፤ ቴሌ። ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ላይ አገልግሎቱን በይፋ እስካስጀመረበት እስከ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ድረስ "የማን ስልክ ነው የያዝከው?" ብሎ መጠየቅ ትርጉም አልነበረውም። በ09 የማይጀምር የሞባይል ቁጥር አይተን አናውቅም ነበር። 07 ሲመጣ ጊዜ ስንቶቻችን "ይሄ ደግሞ የውጭ ቁጥር ነው እንዴ?" ብለን ሳናነሳ ቀረን።

ወደ ኋላ ልመልሳችሁና ካንሳስ ሲቲ ልውሰዳችሁ። አልመን ስትራውጀር የሚባል ሰው ነበር። ሥራው ቀብር ማስፈጸም ነው። ገበያው ቀዘቀዘበት። እንደሚባለው ከሆነ የተፎካካሪው ሚስት የስልክ ኦፕሬተር ነበረችና "ቀብር አስፈጻሚ አገናኙኝ" ያለውን ሁሉ ወደ ባሏ ትልክበታለች። ሰውየው በገነ። ቢከስ ያዋጣው ነበር? እንጃ። እሱ ግን ኦፕሬተሯን የሚተካ ማሽን ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1891 መብቱን አገኘ። በዓመቱ ኢንዲያና ግዛት ውስጥ ላ ፖርት በምትባል ከተማ ማሽኑ ሥራ ጀመረ። ታሪኩ ትንሽ ተቀባብቶ ሊሆን ይችላል። ማሽኑ ግን ከስድሳና ሰባ ዓመት በኋላም በብዙ አገር ይሠራ ነበር። እልህ ከወለዳቸው ዕቃዎች እንደዚህ የጠቀመ ብዙ አላውቅም።

ባለ ክቡን ስልክ በእጃችሁ የደወላችሁበት እስቲ እጅ አውጡ። እሺ፤ ሌሎቻችሁ ለአያቶቻችሁ ደውላችሁ ጠይቁ።

ክቡ ላይ ቀዳዳዎች አሉ። 3 ላይ ጣታችሁን ከትታችሁ ብረቱ እስኪያቆማችሁ ታዞራላችሁ። ስትለቁት "ክርርር" እያለ ራሱ ይመለሳል። ሥራው ያለው ሲመለስ ነው። ሲመለስ መስመሩን ሦስት ጊዜ ቆረጥ ቀጠል ያደርገዋል። 0 ከሆነ አሥር ጊዜ። ማዞሪያ ቤት ያለው ማሽን ያንን ቁርጥ እየቆጠረ አንድ እርምጃ፣ አንድ እርምጃ ይወጣል። ከዚያ ለሚቀጥለው ቁጥር ይዘጋጃል። ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር ደወላችሁ ማለት ከተማው ሌላኛው ጥግ ላይ ስድስት ጊዜ ብረት ተንቀጫቀጨ ማለት ነው።

ታዲያ በየቤቱ አባወራው ክቡ ላይ ትንሽ ቁልፍ ያንጠለጥል ነበር። ቁልፉ አንዱ ቀዳዳ ውስጥ ስለሚገባ ክቡ አይዞርም። መቀበል ይቻላል፤ መደወል አይቻልም። ነገሩ ተዘጋ ሲባል ልጆቹ ሌላ በር አገኙ። ቀፎው የሚያርፍበትን መጫኛ በጣት ቶሎ ቶሎ መታ መታ ብታደርጉት እሱም መስመር መቁረጥና መቀጠል ነው። 4 ለመደወል አራት ጊዜ መታ። ትንሽ ፋታ። 7 ለመደወል ሰባት ጊዜ መታ። ማሽኑ ክብ ይሁን ጣት ምን አገባው፤ እሱ የሚቆጥረው ቁርጡን ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ አሥር ገደማ ስለሆነ እጅ ይጠይቃል፤ ከተለመደ ግን ይገባል። የሰፈራችን ልጆች ይህን ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁት ነበር። ወር ላይ ቢል ሲመጣ አባት "ቁልፉ እኔ ኪስ፣ ወጪው ከየት?" እያለ ይብሰለሰላል።

ያ ስልክ ሌላም ጠባይ ነበረው። መብራት ሲሄድ አይሄድም። ቤታችሁ ጨለማ ሆኖ ስልኩ ይደውላል። ለምን? ኃይሉን የሚያገኘው ከቤታችሁ ሶኬት አይደለማ። ማዞሪያ ቤቱ ውስጥ ባትሪዎች ተደርድረዋል። ድምፃችሁን በሚያመላልሱት በነዚያው ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች 48 ቮልት ይልኩላችኋል። የአሁኑ የሞባይል ምሰሶም ባትሪና ጄኔሬተር አለው። ነገር ግን መብራቱ ሄዶ ሲውል ባትሪው ያልቃል፣ ነዳጁም ያልቃል፣ ሰፈሩ ሁሉ ኔትወርክ የለሽ ይሆናል። አዲሱ ነገር በሁሉም ረገድ ከአሮጌው ይበልጣል የሚል ሰው ይህንን ይመልስልኝ።

አውቶማቲኩ ማዞሪያ ኦፕሬተሯን አስወጣ አልን። እኛ ሰፈር ግን በእሷ ቦታ ሌላ ሰው ገባ። ጎረቤት።

የቤት ስልክ መስመር ለማስገባት ተመዝግቦ ዓመታት መጠበቅ የተለመደ ነበር። በአንድ ሰፈር ስልክ ያለው አንድ ወይም ሁለት ቤት ነው። ቁጥሩ የዚያ ቤት ይባል እንጂ የሰፈሩ ሁሉ ነው። ለሥራ ማመልከቻ ያንን ቁጥር ትሞላላችሁ። ዓረብ አገር ያለችው እህት ያንን ትደውላለች። ስልኩ ሲጮህ የቤቱ ልጅ ሮጦ ይወጣና በአጥሩ በኩል "እትዬ፣ ስልክ! ከውጭ ነው፣ ቶሎ በሉ!" ይላል። እትዬ ነጠላቸውን እያጣፉ ይሮጣሉ። የቤቱ ሰዎች ለይሉኝታ ያህል ወደ ጓዳ ገባ ይላሉ። ሳሎንና ጓዳ የሚለየው ግን መጋረጃ ነው። እትዬም ይህን ስለሚያውቁ ዋናውን ጉዳይ "ያ ነገር" እያሉ ነው የሚያወሩት። "ያ ነገር ደረሰሽ?" "ያ ልጅ መጣ?" ይህ ሁሉ ሚስጥር ጥበቃ ነበር፤ ዛሬ ኮምፒውተር የሚሠራውን አሮጊቶች በአፍ ይሠሩት ነበር።

ጎረቤት መሃል መሆኑ ትልቅ ቁም ነገርም ነበረው። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሩቅ አገር የሞተ ሰው ካለ የሚደወለው ለባለ ሐዘኑ አይደለም። ለጎረቤቱ ወይም ለዘመዱ ነው። "እንዲህ ሆኗልና ሰው አሰባስቡ" ይባላል። ሽማግሌ ይጠራል፣ ዕድሩ ይሰማል፣ ንጋት ላይ ሰው ተሰብስቦ ሄዶ ይረዳል። ስልኩ ወሬውን ያመጣል፤ አፍ ለአፍ የሚናገረው ግን ሰው ነው። ዛሬ ዋሽንግተን ያለ ልጅ የእናቱን ሞት ፌስቡክ ላይ "ነፍስ ይማር" የሚል ፎቶ አይቶ ይሰማል። የመሃሉ ሰው ሲጠፋ አንዳንዴ ትከሻውም አብሮ ይጠፋል።

ከውጭ አገር ሲደወል ሰው ለምን ይጮህ እንደነበር ታውቃላችሁ? "ሃሎ! ሃሎ! ይሰማሻል?" ሲሉ እንስቅ ነበር። "አሜሪካ ሩቅ ስለሆነ ነው" እንል ነበር። ለነገሩ አልተሳሳትንም። የውጭ ጥሪ በሱሉልታው የምድር ጣቢያ በኩል በሳተላይት ሲያልፍ ድምፁ ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ላይ ይወጣል፣ ያንኑ ያህል ይወርዳል። ብርሃን እንኳ ለዚህ ሩብ ሰከንድ ይፈልጋል። እናንተ "እንዴት ነሽ?" ብላችሁ መልሱ እስኪደርሳችሁ ግማሽ ሰከንድ ያልፋል። ግማሽ ሰከንድ ዝምታ ለሐበሻ ብዙ ነው። "አልሰማችኝም" ብላችሁ ትደግሙታላችሁ። ያኔ የእሷ መልስ ይደርስና ትጋጫላችሁ። ሁለታችሁም ዝም ትላላችሁ። ከዚያ ሁለታችሁም እንደገና ባንዴ ትጀምራላችሁ። የመደወያ ካርዱ ግማሽ በዚህ ያልቅ ነበር። አሁን ድምፁ ባብዛኛው በምድርና በባሕር ሥር በተዘረጋ የፋይበር ገመድ ስለሚሄድ ያ ግጭት ቀንሷል።

ሞባይል። የሞባይልን ነገር ሰው ሁሉ ከዕቃው ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1973 የሞቶሮላው ማርቲን ኩፐር ኒው ዮርክ መንገድ ላይ ቆሞ ከአንድ ኪሎ በላይ በሚመዝን ስልክ ደወለ። ለማን? ለተፎካካሪው ለቤል ላቦራቶሪው ጆኤል ኤንግል። ለመጎረር መሆኑ ነው። እኔ ግን ትልቁ ነገር ከዚያ 26 ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1947 እዚያው ቤል ላቦራቶሪ ወረቀት ላይ የሰፈረው ሐሳብ ነው ባይ ነኝ።

ችግሩ ይህ ነበር። የሬዲዮ ሞገድ ውስን ነው። ከተማው መሃል አንድ ትልቅ ምሰሶ ብታቆሙ በአንድ ጊዜ ማውራት የሚችለው ጥቂት ሰው ነው። መፍትሔው ከተማውን በትንንሽ ክልል መከፋፈል ነው። ለእያንዳንዱ ክልል አቅሙ አነስ ያለ ምሰሶ ታቆማላችሁ። ያኔ አንዱን ሞገድ ራቅ ባለ ክልል ደግማችሁ ትጠቀሙበታላችሁ። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት አበበ ካለ ስትጠሩ ይደናገራሉ። አንዱ ፒያሳ፣ ሌላው ቃሊቲ ከሆነ ግን ማን ይደናገራል? ስትንቀሳቀሱ ደግሞ አንዱ ምሰሶ ለሌላው ያስረክባችኋል።

ይህ እንዲሠራ ግን መረቡ የት እንዳላችሁ ማወቅ አለበት። ስልካችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ዝም ብሎ የተቀመጠ ይመስላችኋል። እሱ ግን "እዚህ ነኝ" እያለ ለመረቡ ያሳውቃል። ካላሳወቀ አይጠራም። የድሮዋ ኦፕሬተር የምታውቀው ለማን እንደደወላችሁ ነው። አዲሱ መሃል የት እንደዋላችሁም ያውቃል፣ ሳትደውሉም ጭምር።

ጂኤስኤም የሚባለው የዲጂታል ሞባይል አሠራር የመጀመሪያ ጥሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ፊንላንድ ውስጥ ተደረገ። ያው ጂኤስኤም በ1991 ዓ.ም.፣ በእኛው አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ አዲስ አበባ ገባ። አቅሙ 36,000 መስመር ነበር። ቁጥሩ 09 ሆኖ ስድስት አኃዝ ይከተለዋል። መስከረም 7 ቀን 1998 ዓ.ም. የቁጥር አሰጣጡ ሲለወጥ እነዚያ ቁጥሮች መሃላቸው 11 ተጨመረባቸውና 0911 ሆኑ። እስከ ዛሬ 0911 የያዘ ሰው ደረቱ ነፋ ያለ ነው። ደላላ ቁጥሩን አይቶ ዋጋ ይጨምራል ሲባል ሰምቻለሁ። ቀልድ ይመስለኛል፤ ግን እርግጠኛ ሆኜ አልምልም።

ቅድመ ክፍያ ካርድ መጣ። ሱቅ ሄዶ ካርድ ገዝቶ፣ በሳንቲም ፍቆ፣ ኮከብ 805 ብሎ መሙላት። ካርድ የሌለው ደግሞ ሚስኮል ያደርጋል። ሚስኮል የድሃ ቴሌግራፍ ነበር። አንድ ጊዜ ከጮኸ "ደርሻለሁ"፣ ሁለት ጊዜ ከጮኸ "ውረድ"፣ ሦስት ጊዜ ከጮኸ "ደውልልኝ፣ ካርድ የለኝም"። ያልተነሳ ጥሪ አያስከፍልም። መረቡ ግን ምሰሶውን ቀስቅሶ፣ እናንተን ፈልጎ፣ ስልካችሁን አስጩሆ ሥራውን ሠርቷል፤ በነፃ። በኋላ ቴሌ ራሱ "ይደውሉልኝ" የሚለውን መልእክት በኮከብ 807 በነፃ ሰጠን። ሚስኮልን ማሸነፍ ካልቻልክ ሕጋዊ አድርገው ማለት ነው።

ከሁሉም የምወደው የጽሑፍ መልእክት ታሪክ ነው። ለሥራችሁም ይጠቅማችኋል። መልእክቱ የሚሄደው ለጥሪ ማዘጋጃ በተተወ ጠባብ መንገድ ነው። ቦታው 140 ባይት ብቻ ነው፤ አንድ ባይት 8 ቢት ነው። ለአንድ የላቲን ፊደል 7 ቢት ስለሚበቃ 160 ፊደል ይገባል። 160 ይበቃል ያለው ፍሪድሄልም ሂለብራንድ የሚባል ጀርመናዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በታይፕ እንዲሁ የመጣለትን ዓረፍተ ነገር እየጻፈ ፊደሉን ቆጠረ። አብዛኛው ከ160 በታች ሆነለት። አማርኛ ግን አልጻፈም። የእኛ ፊደል መልእክቱ በሚጠቀምበት ባለ 7 ቢት የፊደል ሰንጠረዥ ውስጥ የለም። የዓለምን ፊደላት ሁሉ ለኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ ውስጥ ራሱ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ሞባይል አዲስ አበባ በገባበት ዓመት። በዩኒኮድ ሲላክ አንድ ፊደል 16 ቢት ይወስዳል። በአንድ መልእክት የሚገባው 70 ፊደል ብቻ ይሆናል።

ወረቀት አውጡና ቁጠሩ። "እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ" ክፍት ቦታውን ጨምሮ 28 ነው። ያንኑ በላቲን ብትጽፉት 45 ገደማ ይመጣል። ፊደላችን አናባቢውን በውስጡ ስለያዘ አጭር ነው፤ መኩራት ትችላላችሁ። ሂሳቡ ግን አያዋጣም። በእኛ ፊደል አንድ መልእክት የሚይዘው ያንን ሰላምታ ሁለት ጊዜ ተኩል ነው። በላቲን ሦስት ጊዜ ተኩል። በዚያ ላይ የዚያን ጊዜ ብዙ ቀፎዎች አማርኛ አይጽፉም ነበር፤ በአማርኛ ሲላክላቸውም ባዶ ሳጥን ይደረድሩ ነበር። አንድ ትውልድ አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ የለመደው ሰንፎ አይደለም። መሃል ያለው ዕቃ አስገድዶት ነው። መምህራን ልጆቹን ከመውቀሳቸው በፊት ይህን 140 ባይት ቢያዩት ጥሩ ነበር።

መሃል ያለው መቁረጥም ይችላል ብያለሁ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የጽሑፍ መልእክት አገልግሎት ሁለት ዓመት ገደማ ተዘግቶ ነበር። ተመልሶ የተከፈተው በሚሊኒየሙ ሰሞን ነው። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ያኔ ገና አልተወለዳችሁም ወይም ዳዴ ትሉ ነበር። ሰው ግን ያንን ጊዜ አልፎታል። እንዴት? በሚስኮል።

ከዚያ ኢንተርኔት የመጣበትን መንገድ ታውቁታላችሁና ቶሎ ልለፈው። ኢሞ፣ ቫይበር፣ ዋትሳፕ፣ ቴሌግራም። ለእነዚህ ድምፃችሁም ፎቶም ጽሑፍም ያው የተቆራረጠ ዳታ ነው። ቴሌኮሙ መንገዱን ያከራያል፤ ምን እንደተጫነ የሚያውቀው ሌላ ነው። የስልክ ድርጅቶች ይህን አልወደዱትም። በእኛም አገር በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠትን ወንጀል አድርጎ ነበር። ዱባይ ደግሞ በዋትሳፕ መልእክት ይሄዳል፤ ጥሪው ግን ዝግ ነው። እዚያ ያሉ ልጆቻችን እንደ ቦቲም ባለ በተፈቀደ አፕ ነው የሚደውሉት።

ቤይሩት ወይም ሪያድ ቤት ውስጥ የምትሠራ ልጅ ግን ሌላ ዓይነት መሃል አላት። አሠሪዋ ናት። ስልኩን የነጠቀቻት እንደሆነ ኢሞም የለም፣ ፋይበርም የለም። እናት እዚህ "ኦንላይን የገባችው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው" እያለች የልጇን የመጨረሻ ሰዓት ስታይ ታድራለች። ቴክኖሎጂው ያመጣው አዲስ ዓይነት ጭንቀት ነው። ድሮ ደብዳቤ ሲዘገይ ፖስታውን ነበር የምናማው።

አሁን ደግሞ ስልኩ ገንዘብ ሆኗል። ቴሌብር የተጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ኤም ፔሳ ከሁለት ዓመት በኋላ ተከተለ። በአፕ ትጠቀማላችሁ፤ ገጠር ያለው ዘመዳችሁ ግን ኮከብ 127 መሰላል ይላል። ይህ መንገድ ኢንተርኔት አይፈልግም። በዚያችው የጥሪ ማዘጋጃ መንገድ ነው የሚሄደው፤ ባትሪዋ ሳምንት የምትቆይ ተራ ባለ ቁልፍ ስልክ ትበቃዋለች። የሚያምር ሥራ ነው። ሆኖም የሚያስከትለውን እዩት። ሲም ካርድ ጠፋ ማለት ድሮ ቁጥር ጠፋ ማለት ነበር። ዛሬ ቦርሳም ጠፋ ማለት ነው።

ለዚህ ነው አጭበርባሪው ራሱን መሃል ላይ የሚያስቀምጠው። ደውሎ "ከደንበኞች አገልግሎት ነው፣ ሎተሪ ደርሶዎታል፣ የመጣልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ" ይላል። ድምፁ ትሁት ነው፣ አማርኛው የቢሮ አማርኛ ነው። ልብ ብላችሁ እዩት፤ እየተጫወተ ያለው የዚያችን የድሮዋን ኦፕሬተር ገጸ ባሕርይ ነው። ሰዎቻችን መቶ ዓመት ሙሉ መሃል ያለውን እንዲያምኑ ተለማምደዋል። እናቶቻችሁን "አትሞኙ" ብላችሁ አትቆጡ። አንድ ነገር ብቻ አስይዟቸው፤ የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ ደዋይ ማንም ነኝ ቢል ስልኩን ይዝጉት። ጨዋነት አይጓደልም።

ወደ ጥያቄ እንግባ።

አንዲት ተማሪ፦ "የቤት ስልክ ይጠፋል ማለት ነው?"

ስልኩ እየጠፋ ነው፤ ሽቦው ግን ሥራ ቀይሯል። ያ 48 ቮልት የሚመጣበት የመዳብ ሽቦ በብዙ ቤት ኢንተርኔት ተሸክሟል። አሁን ቀስ በቀስ በፋይበር እየተተካ ነው። ፋይበር መስታወት ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያመጣም። መብራት ሲሄድ ራውተሩም ይሞታል። መዳብን ሌባም ይወደዋል፤ ተቆርጦ ይሸጣል። ፋይበር ግን ለማንም አይሸጥም፤ ሌባው ይህን የሚያውቀው ከቆረጠው በኋላ መሆኑ ነው ችግሩ።

አንድ ተማሪ፦ "በዓል ጠዋት ኔትወርኩ ሙሉ እያሳየ ጥሪ ለምን አይገባም?"

ጥሩ ጥያቄ ነው። ስክሪኑ ላይ የምታያቸው መስመሮች የሚነግሩህ የምሰሶው ድምፅ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚደርስህ ነው። ክፍት ቦታ አለ አይሉህም። በጂኤስኤም አንድ ሞገድ በጊዜ ተከፋፍሎ ለስምንት ይዳረሳል። አንድ ምሰሶ እንዲህ ያሉ ሞገዶች ያሉት ጥቂት ነው። በአዘቦት ቀን ይበቃል፤ ሁሉም ሰው ባንዴ አይደውልም ተብሎ ነው የተሰላው። ፋሲካ ጠዋት ዶሮው ከተበላ በኋላ ግን ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ሰዓት ቀፎ ያነሳል። ቦታው ይሞላል፣ ያንተ ጥሪ ይመለሳል። ምሰሶው ደጅህ ላይ ቢቆምም ያው ነው። ቴክስት ግን የድምፅ ቦታ አይሻማም። መጠበቅም ይችላል፤ ወረፋ ይዞ ቆይቶ ይደርሳል። ስለዚህ በበዓል ጠዋት መጀመሪያ ቴክስት ላክ፤ ከሰዓት በኋላ ሰው ጋደም ሲል ደውል።